የጣና ዓሣ አጥማጆችን ሥዕል በሊሚትድ ኤዲሽን ለማሳተም፦ ፎቶው፣ ወረቀቱ፣ ቁጥሩ እንዴት ይሁን?

የጣና ብሩሽ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምሥለው የጣናን ዓሣ ማጥመድና የድሮውን የጉማሬ አደን ነው፤ በዘይት ቀለም፣ በሸራ ላይ። አሁን አንዱን ሥዕል ቁጥሩ በተወሰነ ፕሪንት፣ ሊሚትድ ኤዲሽን በሚባለው መንገድ አሳትሜ እዚሁ ባሕር ዳር ለቱሪስትም ለሆቴልም ለመሸጥ አስቤያለሁ። ሥዕሉ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎሕ ሲቀድ ታንኳ ላይ ተቀምጦ መረብ የሚስብ ሰው፣ ታንኳው ውስጥ ሁለት ቆሮሶና አንድ አምባዛ የሚባሉ ዓሦች፣ ከበላይ ንስር፣ ከኋላ የዘጌ ባሕር ገብ መሬት ይታያል። ቫርኒሽ ስለተቀባ ያብረቀርቃል።

ማወቅ የምፈልገው፦ ፎቶውን በምን ዓይነት ካሜራና መብራት ላንሳው? ባነር የሚያትሙ ቤቶች «ካንቫስ ላይ እናትምልሃለን» ይላሉ፤ ልስማማ ወይስ ሌላ ማሽን ልፈልግ? ስንት ቅጂ ላውጣ? ቁጥሩና ፊርማው የት ይቀመጥ? ክረምት ላይ እዚህ ወረቀት ይሸበሸባል፣ ይሻግታል፤ ለዚህስ ምን ይደረጋል? ደግሞ ዓሣና ሐይቁን በደንብ የምታውቁ ካላችሁ፣ ሳይታተም በፊት ሥዕሉ ላይ ምን ምን ልፈትሽ? አንዴ ከታተመ በኋላ እርማት የለውም።


ሌንስ፦

ወንድሜ፣ ፋይሉ ላይ የሌለ ነገር ወረቀቱ ላይ አይመጣም፤ ስለዚህ ብዙውን ድካምህን ፎቶው ላይ አድርገው።

መጀመሪያ ፒክስሉን አስላ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ያወጣል። ፕሪንትህን 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ብታደርገው በአንድ ኢንች 254 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ዙሪያውን ስትከረክም ወደ 240 ይወርዳል። ይህ ይበቃል። 300 ቢሆን ይመረጣል፤ ከ200 በታች ከወረደ ግን መጀመሪያ የሚደበዝዘው የመረቡ ክርና ታንኳው የታሰረበት የደንገሉ ጭረት ነው፤ ያንተ ሥዕል ውበት ያለው ደግሞ እዚያ ነው። በዋናው መጠን፣ በ60 በ90 ላትም ብትል ያው ፋይል 169 ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥዕሉን በስድስት ክፍል አንስተህ መገጣጠም አለብህ። ክፍሎቹ ቢያንስ በ30 በመቶ ይደራረቡ፣ ካሜራው ደግሞ አንገቱን ሳያዞር ጎን ለጎን ብቻ ይንቀሳቀስ።

ሌንሱ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሰፊ ሌንስ ጠርዙን ያጎብጠዋል። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የብርሃን ስሜቱ አይኤስኦ 100፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልጨመቀው)፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትይዩ መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ሥዕሉ መሐል ላይ ለጥ አድርገህ አስደግፍ። በካሜራው ስታይ ሌንሱ ራሱ መስታወቱ ውስጥ ልክ መሐል ላይ ከታየህ ትይዩ ነው። ካልሆነ ሥዕሉ አንዱ ጎን ይጠባል፤ በሶፍትዌር ስታቃናው ደግሞ ፒክስል ትከስራለህ።

መብራት ሁለት፣ አንድ ዓይነት፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቀው። ኤልኢዲ ከሆነ ሲአርአዩ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ርካሹ ኤልኢዲ ቀዩን ቀለም ይበላዋል፣ የሰውየው ፊት አመድ ይመስላል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/25 ሰከንድ ላይ አድርገው፤ ከዚያ በፈጠነ ሸተር የሚንቀጠቀጥ አምፑል ፎቶው ላይ ጠቆር ያለ ሰረዝ ይተዋል። ሥዕሉን ከማንሳትህ በፊት በቦታው ትልቅ ነጭ ወረቀት ሰቅለህ አንሳ። አራቱ ማዕዘንና መሐሉ እኩል ካልበሩ መብራቱን አስተካክል እንጂ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» አትበል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ባለ 24 ቀለም ካርድ አስገባ፤ ነጩን የምታስተካክለው በእሱ ነው።

የቫርኒሹ ነጸብራቅ መድኃኒት ድርብ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚያጠፋ ማጣሪያ) ነው። በሁለቱም መብራቶች ፊት ፖላራይዘር ፊልም፣ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ዞረው፣ ሌንሱ ላይ ደግሞ ክብ ፖላራይዘር። አንድ የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ሥዕሉ አጠገብ አስቀምጥና የሌንሱን ፖላራይዘር አዙር፤ ማንኪያው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ሲጠፋ እዚያው አቁም። ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሸተሩን ታዘገያለህ። ቀለሙም ከዋናው ይልቅ የጠገበና የጨለመ ይመጣል፤ ከሥዕሉ ጋር ጎን ለጎን እያየህ መልሰው። ፊልሙን ካጣህ ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ቀን ጠብቀህ በረንዳ ጥላ ውስጥ አንሳ፤ ፊት ለፊት ሣር ወይም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካለ ግን ቀለሙን ሥዕሉ ላይ ይጥለዋል።

ማሽኑን በተመለከተ፦ ፍሌክስ (ባነር) እና ስቲከር የሚያትመው ማሽን ከሩቅ ለሚነበብ ማስታወቂያ የተሠራ ነው። ኢኮ ሶልቨንት ቀለም ነው የሚጠቀመው፣ ብዙ ጊዜም አራት ቀለም ብቻ። ጎሕ ሲቀድ ሰማዩ ከብርቱካናማ ወደ ግራጫ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነጠብጣብና ደረጃ ደረጃ ይሠራብሃል። አንተ የምትፈልገው ፒግመንት ቀለም (በደቃቅ ዱቄት የተሠራ፣ እንደ ዳይ ያልሟሟ) ያለው፣ ከ8 እስከ 12 ካርትሪጅ የሚይዝ ኢንክጄት ነው፤ ኤፕሰን አልትራክሮም ወይም ካነን ሉሲያ ቀለም ያላቸው ማሽኖች ከዚህ ወገን ናቸው። ማተሚያ ቤቱን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ? ለዚህ ወረቀት አይሲሲ ፕሮፋይል (ማሽኑ በወረቀቱ ላይ ቀለሙን በትክክል እንዲያወጣ የሚመራ ፋይል) አላችሁ? ቲፍ ፋይል (እንደ ጄፔግ ጥራት የማይቀንሰውን) ትቀበላላችሁ? «ጄፔግ በቴሌግራም ላክልን» ካሉህ ሌላ ፈልግ፤ ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ፋይል ይጨምቀዋል።

ወረቀት መቶ በመቶ ጥጥ፣ ከአሲድ ነጻ፣ ወደ 300 ግራም የሚመዝን። ሃነሙለ ፎቶ ራግ 308 ግራም የታወቀው ነው። እጅግ ነጭ የሆነውን ተጠንቀቅ፤ ነጭነቱ ከሚያበራ ኬሚካል ከሆነ ከዓመታት በኋላ ኬሚካሉ ሲሞት ወረቀቱ ወደ ቢጫነት ይመለሳል። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹበትን አልትራቫዮሌት መብራት አብራበት፤ ሰማያዊ ካበራ ኬሚካሉ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕልህ ጨለማ የበዛበት ከሆነ ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ጥቁሩን የሥዕሉን ያህል አጥቁሮ አያወጣም፤ የታንኳው ሥርና ጥላው ተደፍኖ አንድ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ባራይታ የሚባለው፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይሻላል። ከመወሰንህ በፊት ሦስት አስቸጋሪ ቦታዎችን፣ ማለትም ሰማዩን፣ የሰውየውን ፊትና እጅ፣ እርጥቡን የታንኳ ሆድ፣ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር አድርገህ በሁለቱም ወረቀት አሳትም። ለ24 ሰዓት አድርቀህ በቀን ብርሃን፣ ከዚያም ማታ በአምፑል እያቸው። ፕሪንቱ ከስክሪኑ ጨልሞ ከመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ነው፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው ብርሃን ይበዛል። ወደ 100 ካንዴላ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) አውርደው።


ገልዳ፦

ሥዕሉን ባላየውም ከገለጻህ ተነስቼ ሳይታተም መታየት ያለበትን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ዘጌ። ከባሕር ዳር ሆነህ ስታይ ዘጌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ጧት ፀሐይ ከምሥራቅ፣ ከቀኝህ ከበስተኋላ ስለምትመጣ የዘጌ ደን ፊቱ ይበራል፣ አረንጓዴው ይለያል። ዘጌ ጥቁር ሆኖ ከኋላው ሰማዩ ብርቱካናማ ከሆነ ያ ማታ ነው፤ ርዕሱን «ጎሕ» ብትለው እዚህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቅብሃል። መረብ ማታ ተጥሎ ጧት ስለሚነሳ ደግሞ መረብ የሚነሳበት ትዕይንት በጧት ብርሃን መሆን አለበት። ውኃውም ጧት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይነቃነቃል። ማዕበል የሚያናውጠው ታንኳና የጧት ብርሃን አንድ ላይ ከሆኑ አይጣጣሙም።

ቆሮሶ፦ የጀርባው ክንፍ አንድ ወጥ ረጅም ነው፤ የፊተኛው ክፍል እሾህ፣ የኋለኛው ለስላሳ። እሾሁ ከ16 እስከ 18 ይደርሳል፤ መቁጠር አይጠበቅብህም፣ ሁለት የተለያየ ክንፍ አድርገህ አትሣለው እንጂ። ጅራቱ ሹካ አይደለም፣ ቀጥ ወይም ክብ ብሎ ያልቃል፣ ቀጫጭን ቁም መስመሮች አሉበት። ጢም የለውም።

አምባዛ፦ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት ከሣልክበት አምባዛ መሆኑ ቀረ። ጢሙ አራት ጥንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ነው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና አጥንት የበዛበት፣ የጀርባው ክንፍ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አጠገብ የሚሄድ። ከውኃ ሲወጣ ልጋጋም ስለሆነ ብርሃኑን በሰፊው እንደ እርጥብ ላስቲክ ይመልሳል፤ ቆሮሶው ላይ ግን ብርሃኑ በየቅርፊቱ ይሰባበራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስላስቀመጥካቸው ይህ ልዩነት ካልታየ ዓሣዎቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

ሌላ ሥዕል ላይ ነጭ ዓሣ ካለህ፣ ማለትም የባርባስ ወገን፣ ጅራቱ ሹካ ነው፣ የጀርባ ክንፉ አጭር፣ ጢሙ ሁለት ጥንድ። የጣና ባርባሶች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች የሚበዙበት ስብስብ ስለሆነ የዓሣ ተመራማሪዎችም ገዢዎችህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱ የአፉን ቅርጽ ሳይቀር ያያሉ። በክረምት መውጫ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ገልዳና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ የሚጠመድበትን ትዕይንት ከሠራህ ውኃው ደለል የያዘ ቡናማ ይሁን፣ ዳርቻው አደይ አበባ። ሰማያዊ ውኃ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ወቅት የለም።

ታንኳው፦ ደንገሉ ሲታሰር የፊቱ አፍንጫ ወደ ላይ ይቀናል፣ የኋላው ይቆረጣል። አዲሱ አረንጓዴነት አለው፣ ከዚያ ገለባ ይመስላል፣ ሲቆይ ግራጫ ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ አሮጌው ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ለዚህም ነው ዳር ላይ አውጥተው የሚያደርቁት። እርጥቡ መስመር ከውኃው ገጽ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ያቺን ጠቆር ያለች መስመር ብዙ ሠዓሊ ይረሳታል። ሰውየው የሚቀመጠው ከውስጥ በተደረበ ሌላ የደንገል እስር ላይ ነው፣ ውኃው ከሥሩ ዘልቆ ስለሚገባ።

ንስሩ ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ ነው። ዓሣ ይዞ የሚበር ከሆነ የዓሣው ራስ ወደ ፊት ይሁን።

የጉማሬ አደኑን ስትሠራ አዳኞቹ በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው፤ በርዕሱም ሆነ በምስክር ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስማቸውን በክብር ጻፍ፣ ታንኳ የመሥራትም ጥበብ የእነሱ ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ጉማሬ የሚታየው ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ነው፣ ሦስቱም በአንድ መስመር ከውኃው በላይ። እምቦጭ ደግሞ እዚያ ትዕይንት ውስጥ እንዳይገባ፤ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የድሮ አደን ላይ ያ ሐምራዊ አበባ ከታየ ሥዕሉ ዘመኑን ሳተ ማለት ነው።


ፍሬም ቤት፦

ወንድሜ የጣና ብሩሽ፣ ስለ እርጥበቱ እኔ ልመልስ።

ወረቀት ክረምት ላይ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይጠባል፤ ይህን ማስቆም አይቻልም። መሸብሸብ የሚመጣው ወረቀቱ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በሙጫ ወይም በፕላስተር ሲታሰር ነው። ስለዚህ ከላይ ብቻ፣ በሁለት ቦታ፣ በቀጭን የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይንጠልጠል፤ ሦስቱ ጎን ነጻ ይሁን። ስኮች ፕላስተር በምንም ዓይነት አይግባ። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ ቡናማ ሰንበር ይተዋል፣ አይለቅም።

ፕሪንቱ መስታወት አይንካ። እርጥበት መስታወቱ ላይ ሲያዝ ቀለሙ ይጣበቃል፣ ስትለየው ይላጣል። በመሐል ከአሲድ ነጻ የሆነ ወፍራም ፓስፓርቱ (መሐሉ የተቆረጠ የካርቶን ክፈፍ) ይግባ፣ በጎን 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች 7። ጀርባው ኤምዲኤፍ ከሆነ አሲድ ስለሚያወጣ በመሐል የጥጥ ካርቶን ይደረብ። ጀርባውን በወረቀት ቴፕ ዝጋ፣ ምስጥና ብል እንዳይገባ። ከታች ሁለቱ ማዕዘን ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቡሽ ወይም ጎማ ለጥፍ፤ ግድግዳውና ፍሬሙ መሐል አየር ይመላለሳል። ሻጋታ የሚነሳው ከጀርባ ነው፤ ከፊት ሲታይ ጊዜው አልፏል።

ኅትመቱ ከማሽን እንደወጣ ፍሬም አታድርገው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍት ይዋል። ካልሆነ የቀለሙ ትነት መስታወቱን ከውስጥ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ያልተሸጠውን ጠፍጣፋ አድርገህ አስቀምጥ፣ በየመካከሉ ግላሲን የሚባል ስስና ለስላሳ ወረቀት፣ ሳጥኑ ከወለሉ ከፍ ብሎ። ፌስታል ውስጥ አታሽገው፤ እርጥበቱን ይዞ ያስቀረዋል። ለቱሪስት የምትሰጠው ቱቦ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ቀጭን ቱቦ 300 ግራም ጥጥ ወረቀት ላይ ስንጥቅ ያመጣል። ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል።


ዋንዛ፦

ሁሉም ስለ ኢንክጄት ስለተናገረ እኔ ሌላ መንገድ ላስቀምጥ፦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት። ማሽን፣ ፋይል፣ ካርትሪጅ አይፈልግም፤ የሚወጣው ደግሞ የሥዕል ቅጂ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዋና ሥራ ነው። ሰብሳቢዎች ከኢንክጄት ቅጂ ለይተው ነው የሚያዩት። ታንኳ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የደንገሉ እስር ራሱ መስመር ነው።

ሰሌዳው 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ በደንብ የተላገ ዋንዛ ወይም 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ። ወይራ ለዚህ ጠንካራ ነው። ንድፉን ገልብጠህ አስተላልፍ፤ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ስለዚህ ፊደል ካለ በተቃራኒ ይቀረጽ። በቪ መሮ መስመሩን፣ በዩ መሮ ሰፊውን ባዶ ቦታ አውጣ። ጥልቀቱ ለመስመር 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሰማዩን የመሰለ ሰፊ ባዶ ግን 3 ሚሊ ሜትር ካልወረደ ሮለሩ ይነካውና ጠባሳ ያወጣል።

ቀለሙ ዘይት የተለወሰ የማተሚያ ቀለም ነው፤ የዘይት ሥዕል ቀለም አይሆንም፣ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ክብ ጥላ ይሠራል። መስታወት ላይ በጎማ ሮለር በስሱ ዘርጋው፤ ሮለሩ በቀስታ «ሽ...» የሚል ድምፅ ሲያወጣ ልኩ ነው፣ ተጣብቆ የሚቀደድ ድምፅ ካለው በዝቷል። የበዛ ቀለም ቀጫጭኑን መስመር ይደፍነዋል። ወረቀቱ ለእጅ ከሆነ ከ40 እስከ 90 ግራም ይሁን፤ 300 ግራም ያለ መጫኛ ማሽን አይታተምም። በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር እየፈተግህ፣ አንዱን ማዕዘን ብቻ አንስተህ እየፈተሽክ፣ የሳሳው ቦታ ላይ ድገም። ወረቀቱ ሁሌም አንድ ቦታ እንዲያርፍ ሰሌዳው ማዕዘን ላይ ኤል ቅርጽ ያለው ማቆሚያ ምታ።

በበጋ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ክረምት ላይ ሳምንት አልፎም ሊቆይ ስለሚችል እየደራረብክ አታስቀምጥ፣ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ስቀለው። 20 ወይም 30 ቅጂ ካወጣህ በኋላ ሰሌዳው ላይ ከማዕዘን ማዕዘን በመሮ አቋርጠህ አንድ የመጨረሻ ቅጂ አትም። ኤዲሽኑ መዘጋቱን የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው።


የጣና ብሩሽ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለጉማሬ አደኑ የእንጨቱን መንገድ እሞክራለሁ፣ ታንኳውን በኢንክጄት። ስለ ቁጥሩ ግን የመለሰልኝ የለም። ሆቴሎች ትልቅ ይፈልጋሉ፣ ቱሪስት ትንሽ። ያንኑ ሥዕል በሁለት መጠን ማውጣት ይቻላል? 50 ቅጂ በአንድ ጊዜ ለማሳተም ገንዘብ ባይኖረኝስ?


መዝገብ፦

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማተም ግዴታ አይደለም። 50 ብለህ አውጅ፣ 10 አሳትም፣ ሲያልቅ ሌላ 10። ግን የመጀመሪያው ቀን የወደድከውን አንድ ቅጂ «ለኅትመት የጸደቀ» ብለህ ፈርመህ ከብርሃን አርቀህ አስቀምጠው፤ ፈረንሳዮቹ ቦን አ ቲሬ የሚሉት ነው። ቀጣዩ ዙር ሲታተም ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ፕሮፋይሉ አይለወጥም። ወረቀቱ ከገበያ ከጠፋ በሌላ ወረቀት አትቀጥል፤ ኤዲሽኑን ባለበት ዝጋው።

ሁለት መጠን ማውጣት ይቻላል፣ ከመጀመሪያው ካሳወቅህ። ለምሳሌ 40 በ60 በ50 ቅጂ፣ 20 በ30 በ100 ቅጂ ካልክ ሁለቱም በሁለቱም የምስክር ወረቀት ላይ ይጻፉ። 50ው ሲያልቅ «አሁን ደግሞ በትንሹ ከፍ ያለ መጠን» ብሎ መምጣት ግን የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች መካድ ነው። ለሆቴል በካንቫስ የሚወጣም ቢኖር ቅጂ ስለሆነ ይቆጠራል።

ብዛቱን አታብዛ። የአደንና የዓሣ ማጥመድ ሥዕል ፕሪንት በሰፊው የተሸጠው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውኃ ወፍ አዳኞች በየዓመቱ የሚታተም ቴምብር አለ፣ የመጀመሪያውን የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ ነው። በቴምብሩ ላይ የሚወጣው ሥዕል ፕሪንትም ትልቅ ገበያ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አሳታሚዎች የዱር እንስሳትን ሥዕል በኦፍሴት ማሽን በሺህ የሚቆጠር ቅጂ እያወጡ «ሊሚትድ» ብለው ሸጡ። ዛሬ ከእነዚያ ብዙዎቹ የፍሬማቸውን ዋጋ እንኳ አያወጡም። ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ ብርቅ አይደለም።

አጻጻፉ፦ 40 በ60 ምስል በ50 በ70 ወረቀት ላይ ሲታተም ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ይተርፋል። ከምስሉ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወርደህ በግራ ቁጥሩን፣ 7/50 ብለህ፣ መሐል ርዕሱን፣ በቀኝ ፊርማህን። በእርሳስ፣ ኤችቢ ወይም ቢ፣ ሳትጫን። እስክሪብቶ ይደበዝዛል፣ ጥጥ ወረቀት ላይም ይሰርጋል። በማሽን የታተመ ፊርማ ደግሞ ፊርማ አይባልም። ፓስፓርቱ ሲቆረጥ ጽሑፉን እንዳይሸፍን ለፍሬም ሠሪው ንገር። ከ50ው ውጭ ለራስህ የምታስቀረው የሠዓሊ ቅጂ ከአሥር በመቶ አይለፍ፣ ማለትም 5፤ እነሱም «የሠዓሊ ቅጂ 1/5» ተብለው ይጻፋሉ።

ዓመተ ምሕረቱን ሁለቱንም ጻፍ። 2017 ብቻ ብትጽፍ የውጭ ገዢ በእሱ አቆጣጠር ያነበዋል፣ ሥራው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል። በኋላ ሲሸጠው ደግሞ መዝገብህና የእሱ ወረቀት ስለማይገጥሙ ሐሰተኛ ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። «2017 ዓ.ም. / 2025 እ.ኤ.አ.» ብትል ነገሩ አለቀ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ርዕሱ፣ የምስሉና የወረቀቱ መጠን፣ የወረቀቱ ዓይነትና ግራም፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የታተመበት ወር፣ የኤዲሽኑ ብዛትና የሠዓሊ ቅጂዎች ቁጥር ይኑር። አንተ ጋ ደግሞ በየቁጥሩ ለማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ ደብተር። የተበላሸ ቅጂ ቁጥር ከተጻፈበት ቀደህ «7/50 ተወግዷል» ብለህ መዝግብ፤ ያንኑ ቁጥር ለሌላ አትስጥ።

ዋጋ ስትተምን ወረቀት፣ ኅትመት፣ ሙከራዎቹ፣ ቱቦ፣ ትራንስፖርት፣ ከዚያ የጋለሪ ድርሻ። ጋለሪዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊወስዱ ስለሚችሉ ከመጀመሪያው አስገባው፤ ከስቱዲዮህም ከጋለሪም የሚሸጠው በአንድ ዋጋ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ 20 በአንድ ዋጋ፣ ቀጣዮቹ 20 ከፍ ብለው፣ የመጨረሻዎቹ 10 ይበልጥ። ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕል ጥበቃ አለው። ኢኮኖሚያዊ መብቱ በሠዓሊው ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ፕሪንት የገዛ ሰው ወረቀቱን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም። ይህን በምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ጻፈው። ሆቴሉ «ካላንደራችንና ሜኑአችን ላይ እናድርገው» ካለ ሌላ ውል፣ ሌላ ክፍያ ነው፤ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን መጠን እንደሆነ ተጽፎ ይፈረም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ዋናውን ቲፍ አትስጥ፤ ለሚታተምበት መጠን የሚበቃ አነስተኛ ፋይል አውጣላቸው። ታንኳ ላይ ያለው ሰው ፊቱ የሚለይ ከሆነም ሳይታተም በፊት ሄደህ አሳየው፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል፣ አንድ የሠዓሊ ቅጂም ስጠው።